በር አጠገብ የምትቀመጠው

ከአውበሬ በሚኒባስ የምትመጣው ሴት፣ ጅጅጋ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ስትገባ ሁልጊዜ በር አጠገብ ትቀመጣለች። የምትወስደው መድኃኒት ሰውነቷ የገዛ ዓይኗን እንዳያጠቃ የመከላከል አቅሟን ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ሰው ካሳለ ጭምብሏን ጠበቅ አድርጋ ወደ ውጭ ትወጣለች። ተራዋ እስኪደርስ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት በግራው ትሞክራለች። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ለተሥላሴ ይህን ስታደርግ ብዙ ጊዜ አይታታለች።

ዛሬ የደም ምርመራዋ ደህና ነበር። ለተሥላሴ የወሩን ክኒን ስትሰጣት ግን ሴትየዋ እጇን አልዘረጋችም።

«ሲስተር፣ ለጥቂት ወራት ባቆመውስ?»

«ባለፈው ጊዜ ለሦስት ሳምንት ስታቆሚ ግራ ዓይንሽ ምን እንደሆነ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

ሴትየዋ ሻርፗን ሆዷ ላይ ሰበሰበች። ለተሥላሴ ያኔውኑ ገባት፤ መድኃኒቱ ጽንስ እንደሚጎዳ መጀመሪያ ቀን የነገረቻት ራሷ ናት። ተነሥታ የክፍሉን በር ዘጋች።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሁለት ይሆናል። ያወቅኩት ትናንት ነው።»

«መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰድሽው መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

ለተሥላሴ ክኒኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ነይ፣ ዶክተሩ ጋ አብረን እንግባ። ለዓይንሽ ጽንስ የማይጎዳ ሌላ መድኃኒት አለ» አለቻት።

እስከ ሐሙስ የዋጠቻቸው ክኒኖች ጽንሱን ጎድተውት እንደሆነ ግን አላነሣችም።