ለእማማ ብርቄ የታሰበው ፎቶ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይቺን እዘላት ነበር። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ስትሰሙኝ ግን አታባብሉኝ።

ጃንሆይ ሳይወርዱ፣ እኔና ደምሴ ኮልፌ ገበያ አጠገብ አንዲት ፎቶ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። ፊልም የሚያስመጣ ነጋዴ ደንበኞቹን፣ እኛን የፎቶ ቤት ሠራተኞችን፣ ሰብስቦ ፎቶ እንድናነሳ ናይሮቢ ወሰደን። የሚበልጠውን ፎቶ አሳድጎ ሱቁ መስኮት ላይ እንደሚሰቅለውም ነገረን። ያቺን መስኮት ተመኘኋት። ደምሴ ከእኔ የተሻለ እንደሚያነሳ አውቅ ነበር፤ ያንገበግበኝም ነበር።

በመጨረሻው ቀን አራዊት ወዳሉበት ሜዳ ወጣን። ሁለት ካሜራ አንግቻለሁ፤ አንዷ ፊልሟ አልቆ ባዶ ናት፤ በሌላዋ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶኛል። ደምሴ የራሱን ፊልም ጨርሶ ነበርና ኮቱን ቆልፎ መጣ።

"በናትህ አንድ አንሳኝ፣ ለእማዬ" አለኝ።

እናቱ እማማ ብርቄ ኮልፌ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላቸውም። ሰፈሩን ሁሉ ያነሳው ልጅ የራሱ ፎቶ አልነበረውም፤ ሁልጊዜ "ደንበኛ ይቅደም" ይል ነበር።

ወዲያ ማዶ ቀጭኔ ቆማለች። እኛ ፎቶ ቤት ሕፃን አልረጋ ሲለን፣ እስኪለምድ ፊልም በሌለው ካሜራ ቀጭ እናደርግለታለን። ያንን በጓደኛዬ ላይ አደረግኩት። ባዶዋን ካሜራ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ "ፈገግ በል" አልኩት። ፈገግ አለ። ቀጭ አደረግኩ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። የቀረችኝን ለቀጭኔዋ አዋልኳት። ኮልፌ ስንገባ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። ቀጭኔዋም ስትታጠብ ደብዝዛ ወጣች።

በተመለስን ሳምንት ደምሴ ታመመ። ፎቶውን ሲጠይቀኝ "ገና አልታጠበም" አልኩት። ሳይድን ሞተ።

ለቅሶው ላይ እንደ ደንቡ ፎቶ ተይዞ አልተለቀሰለትም፤ ፎቶ የለማ። እማማ ብርቄ ኮቱን ታቅፈው ወደ እኔ መጡና "ናይሮቢ ያነሳኸውን ስጠኝ፣ ፊቱን ልየው" አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እውነቱን ብናገር ምን ይቀርብኝ ነበር? ጠፋ ብል እንኳ ምን ነበረበት? እኔ ግን "ደምሴ ለማጠብ ቸኩሎ፣ ጨለማ ክፍሉን ሳይዘጋ ፊልሙን ፈታው፤ ብርሃን ገባበትና ተቃጠለ" አልኩ። በሞተ ሰው ላይ አላከክሁ። ባዶ ካሜራ የደቀንኩበት እኔ፣ ስሙን ያጠፋሁትም እኔ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ብርቄ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው ይቅርታ ይጠይቁኝ ጀመር። አዎ፣ እሳቸው እኔን። "ልጄ ችኩል ነበር፤ ልፋትህን አበላሸብህ። አፈሩ እንዳይከብደው ይቅር በለው" ይሉኛል። እኔም "ይቅር ብዬዋለሁ፣ እማማ" እላቸዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ስንባባል ኖርን።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ በምን አፌ? ይህን ብቻ ስሙልኝ፤ ደምሴ ችኩል አልነበረም። ያን ቀን ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ እኔ "በቃ፣ ጨርሻለሁ" እስክለው ድረስ ሳይነቃነቅ ቆሞልኝ ነበር።