ድምፅ የሌለው ጥናት

ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ፣ በሐውሹ የምትኖረው ሀኒፋ ስለ ትምህርት የምታምነው አንድ ነገር ነበር፤ ጥናት ይሰማል። የማይሰማ ጥናት እንቅልፍ ነው። ወሎ፣ ቁርአን ቤት ሳለች፣ ሸኹ ዐይናቸውን ጨፍነው ከሠላሳ ልጅ መሀል ዝም ያለውን ጉሮሮ ለይተው በአለንጋ ይደርሱበት ነበር። ፊደሉ ከራሷ ከጠፋ ቆየ፤ አለንጋው ግን አልጠፋም።

ልጇ ዛሂራ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ዓመት ልትጀምር ለበጋው እረፍት ስትወጣ ሀኒፋ ጭንቅ ያዛት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና ገና ዓመት ይቀረዋል። ትምህርት ቤቱ ግን በእረፍቱ ማብቂያ ልጆቹን ፈትኖ ይለያል። ሒሳብ ያለፈ ሳይንስ ክፍል ይገባል፤ ላላለፈ ሐኪም የመሆን ነገር አከተመ። አርካዊት ሰፈር ያሉት አሠሪዋ ሲት አብራር ደግሞ "ልጅሽን አምጫት፣ አንድ እጅ ትጨምርልኝ" ካሉ ወር ሆነ።

"ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። ጮክ ብለሽ አጥኚ፤ የኔነሽ ታዳምጥሻለች" አለቻት።

የኔነሽ ከመስኮታቸው ሥር የሽምብራ ጣዕሚያ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ ጎረቤት ናት። ዘይቱ ቢንጫጫም ከጆሮዋ የሚያመልጥ ነገር የለም። ማታ ሪፖርቷን ታቀርባለች።

"ኡም ዛሂራ፣ እስከ አምስት ሰዓት ስታስነካው ነበር። ከአምስት እስከ ሰባት ግን ጭጭ።"

"ኡሚ፣ ሒሳብ ነበር የምሠራው!"

"ሒሳብ አፍ የለውም?"

"የለውም።"

"እንግዲያው አፍ ያለውን አጥኚ!"

ሀኒፋ ከዚህ ሃሳቧ የሚያናውጣት አልነበረም። የሲት አብራር ልጅ ሂሻም ከአስጠኚው ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ወረቀት ላይ ሲያጎነብስ እያየች፣ ሻይ ስታቀርብ በሆዷ "ዲዳ ለዲዳ! ለዚህ ነው የሚከፈለው" ትል ነበር።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በሐውሹ ዝምታ ጠፋ። ወፍ ምንቃሩን ከፍቶ በሚያለከልክበት ቀትር እንኳ ከመስኮቱ የሱዳን ታሪክ ይፈስሳል፤ ከበባው፣ ጦርነቱ፣ ዓመተ ምሕረቱ። ሀኒፋ በሐፍላው አውቶቡስ ውስጥ ለማታውቃቸው ተሳፋሪዎች ሳይቀር "የእኔ ልጅ ጉሮሮዋ ብረት ነው፣ ማሻአላህ" ትላለች።

አንድ ቀን ሲት አብራር ኦምዱርማን ሰርግ ስለነበራቸው በጊዜ አሰናበቷት። ሀኒፋ ዘይቱና ገዝታ መጣች። ደጃፉ ላይ የልጇን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጣ። በሩን ገፋ አደረገችው። ዛሂራ እርሳስ ይዛ፣ አፏን ገጥማ፣ ደብተር ላይ አቀርቅራለች። ድምፅዋ ግን ከመስኮቱ ደፍ ይንቆረቆራል።

"አዑዙ ቢላህ!"

"ኡሚ፣ አትደንግጪ፤ ስልኩ ነው። ቀድቼው ነው።"

"ታዲያ የቷ ናት የምታጠናው?"

"እሷ ታሪክ፣ እኔ ሒሳብ።"

ሀኒፋ ልትመታት እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ እንዳለ አሰበች። ሌሎች እናቶች አንዲት አጥኚ እንኳ አጥተው እሷ ሁለት አገኘች!

"በይ ድምፅ ጨምሪላት" አለች፣ "የኔነሽ በደንብ ላይሰማት ይችላል።"

የፈተናው ውጤት የተነገረ ዕለት፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ሙዲር ኡስታዝ ጂብሪል፣ እናትና ልጅን አስገብቶ አነበበ። "ሒሳብ ዘጠና አራት። ሳይንስ ክፍል ገብታለች። ታሪክ አስራ ስምንት። እሱን ደግማ ትፈተናለች።"

ሀኒፋ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

"አስራ ስምንት? ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ግፍ ነው! ሐውሹ በሙሉ ሰምቷል! ምስክር አለኝ!" ብላ ደጅ የምትጠብቃትን የኔነሽን ከነዘይት ሽታዋ ጎትታ አስገባች።

ሙዲሩ ሊቀልድ ፈለገ። "እሺ ምስክር፣ ካርቱም ስንት ወር ተከበበች?"

"አስር ወር" አለች የኔነሽ። በዚያም አላበቃችም። አንድ ፊደል እንኳ የማታውቀው ሴትዮ ዐይኗን ጨፍና በመጽሐፍ ዐረብኛ ምዕራፉን ታንበለብለው ጀመር። ዛሂራ ስትቀዳ ያሳላት ቦታ ላይ ስትደርስ እሷም ሳለች፤ ከዚያ ቀጠለች።

ኡስታዝ ጂብሪል ብዕሩን አስቀመጠ። "ይቺ ዘጠና ታመጣ ነበር" አለ፣ "አለመመዝገቧ ነው እንጂ።"

"አየሽ?" ሀኒፋ በድል አድራጊነት ወደ ልጇ ዞረች። "የሚሰማ ጥናት ማለት እንዲህ ነው!"

ዛሂራ የሳይንስ ክፍል መግቢያ ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።