«ጧሪ አላት» አልኩ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን ብቻ እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ እናገራለሁ። ያሳደገችኝን ሴት ለምና እንዳትበላ ከለከልኳት፤ እኔም የምትበላውን አልሰጠኋትም። ሁለቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እማ መዲና ትባላለች። አምባሰል ውስጥ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። እናቴ እኔን እንደወለደች ሞተች። በዚያው ሰሞን እማ መዲናም አራስ ልጇ ሞቶባት ነበርና ጡቷን ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ እስላም ናት፣ እኛ ክርስቲያን፤ በእኛ አገር ይህ ማንንም አያስገርምም። ከፍ ስልም ፆሜን የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። «ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ወተት እንዳትቀምስ» ትለኝ ነበር።

ተማርኩና ውጫሌ ደንብ ማስከበር ቢሮ ተቀጠርኩ። እሷ ደግሞ ባሏ ሞተባት፤ መሬቱን የባሏ ዘመዶች ወሰዱባት፤ ዓይኗም ደከመ። ውጫሌ መጥታ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና መናኸሪያው በር ላይ መለመን ጀመረች። አትጮህም፣ የሰው ልብስ አትጎትትም። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ለሚሄዱት እንኳ «አላህ መንገዳችሁን ያቅናው፣ ስለታችሁን ይስማችሁ» እያለች ትመርቃቸዋለች። እኔስ? በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ትቼ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ።

በዚያ ዓመት የግሸን ተጓዥ ከመምጣቱ በፊት አዲስ ደንብ ወጣ። በመንገድ ዳርና በመናኸሪያ መለመን በፈቃድ ብቻ ሆነ። ፈቃዱም ጧሪ ለሌለው ሰው ይሰጣል፤ ጧሪ ያለውን ግን ዘመዱ ይያዘው ይላል። ካረቀቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ክፉ ደንብ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ግማሹን በደሌን በእሱ ላይ እጭን ነበር፤ አልችልም።

አንድ ቀን ጠዋት እማ መዲና በትሯን እየደገፈች ቢሮ ገባች። ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ ወንበር ሰጠቻትና «ጧሪ አለዎት እናቴ?» ብላ ጠየቀቻት።

እማ መዲና ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ስትገባ ከሌላ ባለጉዳይ ጋር ስነጋገር ሰምታ በድምፄ አውቃኛለች። «የወለድኩት የለኝም» አለች። የቀረውን እኔ እንድሞላው ቦታ ትታልኝ ነበር።

ያን ጊዜ የኃላፊነት ቦታ ሊሰጠኝ ታስቦ ነበር። ፈቃዱን ካገኘች በየቀኑ በሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ከተማውም «የእሱ የጡት እናት ናት» ይላል። ከከለከልኳት ግን ወደ ገጠሯ ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ምን ትበላለች ብዬ አሰብኩ? አላሰብኩም።

«ጧሪ አላት» አልኩ። «አጥብታ ያሳደገችኝ ልጇ እኔ ነኝ። በደንቡ መሠረት ፈቃድ አይገባትም።»

እማ መዲና እልልታዋን አቀለጠችው። «አልሐምዱሊላህ! ሰማችሁ? ልጄ ሊወስደኝ ነው!» እጄን ፈልጋ ያዘችና ሳመችው። ባልደረባዬ እንባዋን ጠረገች። እኔ ምን አልኩ? «አብሽሪ እማ፣ እመጣለሁ» አልኳት። እንደማልመጣ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

በዚያው ዕለት ክፍሏን ለአከራይዋ መለሰች፤ ድስቷንና ጀበናዋን ለጎረቤቶቿ አደለች። አመሻሽ ላይ በባጃጅ በዚያ ሳልፍ ጥቅልሏን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ነጂው ፍጥነቱን ሲቀንስ «ቀጥል» አልኩት። በማግስቱም እዚያው ነበረች። በኋላ ወደ መናኸሪያው ብትመለስ ዘበኛው «እናት፣ ጧሪ አለሽ ተብሏል፣ ተነሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ ውጫሌ ውስጥ አልታየችም። የኃላፊነቱንም ቦታ አገኘሁ።

ዓመታት አለፉ። ለሥራ ወደ ሐይቅ ልሄድ ስነሳ አንድ የውጫሌ ሰው «ለእማ መዲና ሰላም በልልን» አለኝ። ደነገጥኩ፤ የት እንዳለች እሱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። አፈላልጌ ከሐይቁ ዳር አገኘኋት። ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አግኝታ ቤቷ አስገብታት ኖሯል፤ ዘመድ አይደለችም።

«ድምፅህ ወፍሯል» አለችኝ እማ መዲና ገና ሰላም ስላት።

ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። «አውፍ በይኝ እማ፣ ይቅር በይኝ።»

«አውፍ ካልኩህ ቆየሁ፣ ልጄ። ግን አንድ አደራ አለብህ። ውጫሌ ያሉትን ጎረቤቶቼን ‹ልጄ ሐይቅ ቤት ይዞልኛል፣ እዚያ ይጦረኛል› ብዬ ነው የተሰናበትኳቸው። ምን ልበላቸው? እንዳትነግራቸው። በስተርጅና ውሸታም እንዳታሰኘኝ።»

ልውሰድሽ ብላት እንቢ አለች። «አሁንማ እዚህ ለምጃለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ እየተመላለስኩ ያቅሜን አደረግሁላት፤ እሱን ካሳ ብዬ አልጠራውም።

ባለፈው ክረምት ሞተች። ለቀብሯ ከውጫሌ ብዙ ሰው መጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም እየተሻማ ትከሻዬን ያዘኝ። «እስከ መጨረሻው ጦርካት፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጠን» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ዓሣ ሻጯ ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። አየችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አደራዋን ዛሬ አፈረስኩ። ጎረቤቶቿ ሆይ፣ ስሙ፦ እማ መዲና የዋሸቻችሁ እኔን ልትሸፍን ነው፤ የጦረቻት ያቺ ዓሣ ሻጭ ናት። ምርቃታችሁን ወደ እሷ አዙሩት። እኔን «ሥራው ነው፣ ደንቡ ነው» ብላችሁ አታጽናኑኝ። በዚያ ቢሮ የተናገርኩት ቃል ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ልጇ ነበርኩ። ልጅነቴን የጠራሁት ግን እንጀራዋን ለመዝጋት ነው።