የማውሱ ፍጥነትና የእንቅርቴ ነገር

መጀመሪያ የታመመ የመሰለኝ ማውሱ ነበር።

ቢቸና ላይ አንዲት ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ አሰናዳለሁ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኜበታለሁ፤ ራሴው እየነካካሁ ነው የለመድኩት። በመስከረም፣ የመጥሪያ ሐረግ ስሥል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ሴቲንግስ ገብቼ የማውሱን ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ተሻለኝ። በኅዳር እንደገና ዝቅ አደረግሁና እጅ ሲፈጥን ቀስቷን አርቆ የሚያስፈነጥረውን፣ አክሰለሬሽን የሚባለውንም አጠፋሁ። ለገና የፍጥነቱ ማንሸራተቻ ግራ ጠርዝ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ስከሳ ጾሙ ነው አልኩ። ልቤ ሲደልቅ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። በብልሃቴማ እኮራ ነበር።

ነገሩን የለዩት ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የሞጣ ሰው፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ። ቅጽ ሊያስሞሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሌላ ማውስ ልገዛ ነው ስላቸው እጄንና ስክሪኑን ሲያስተያዩ ቆዩና፣

«እጅሽን ስታነሺ እኮ ቀጥ ትላለች። ማውሱን ተይና ራስሽን ታከሚ» አሉኝ።

አነሳሁ። ቀጥ አለች። መለስኩ። ተንቀጠቀጠች።

በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው ሞጣ ሆስፒታል ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ፣ ስንመለስ ያን ምስኪን ማውስ ይቅርታ እንደምጠይቀው እየነገሩ አሳቁኝ።

ሐኪሙ እጆቼን አዘርግቶ ጣቶቼ ላይ ወረቀት አኖረ። ወረቀቱ ተርገበገበ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ወረቀት። አልረጋ አለኝ። ፈራሁ። አንገቴን ዳሰሰ። ደሜ ተመረመረ። ሃይፐርታይሮይዲዝም። አንገቴ ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ ያመርታል።

መቼ እንደጀመረኝ ሲጠይቀኝ፣ ማንሸራተቻውን በየወሩ የት እንዳደረስኩት ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ሁሉንም ጻፈው። እጄ ለሥራ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይመለሳል» አለኝ። «ልብዎን ሳይጎዳ ደርሰዋል። ግን ካዘዝኩልዎ ሁለት መድኃኒቶች ፕሮፕራኖሎሉ መንቀጥቀጡን ቶሎ ያስታግሣል እንጂ በሽታውን አይነካም። ዋናው ካርቢማዞሉ ነው፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ።»

ገባኝ። እኔም አራት ወር ሙሉ ማውሱን ሳዘገይ በሽታውን ደብቄው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ሞጣ እየተመላለስኩ፣ መድኃኒቴን ሳላጓድል እየዋጥኩ፣ ሥጋዬም ቀስ በቀስ እየተመለሰ፣ ማንሸራተቻውን ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጥቂት ጥቂት ስገፋው ከረምኩና ክረምቱ ሲገባ መሀል ላይ፣ ድሮ በነበረበት ቦታ አደረስኩት።

እንደኔ የሆናችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ቀስቲቱ ስትንቀጠቀጥ መጀመሪያ እጃችሁን አንሡ። ስታነሡ ከቆመች ማውሱን አትቀይሩ፤ ታከሙ። ካርቢማዞል እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ሲድሩ መጥሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አበባውን ቅጠል በቅጠል በማውሱ ሣልኩት። ውለታቸውን በምን እንደምመልስ አላውቅም። የመጀመሪያው መጥሪያ ታትሞ ሲወጣ አነሱትና እጄን አዘርግተው ጣቶቼ ላይ አኖሩት።

ረጋ።