ጣራ ያልለመደ እንቅልፍ

ከአሰብ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። በቀን ያን በረሃ የሚያቋርጥ ሾፌር ጎማውንም ራሱንም የጠላ ብቻ ነውና፣ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ከወደብ የጫነውን ስኳር ሸራ አልብሶ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቀ። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ሰፈሩ አልጋውን ወደ ደጅ የሚያወጣበት ሰዓት ስለነበር ገሚሱን ሰው በተኛበት ተሰናበትኩት። እማዬ በመስኮቱ እጄን ይዛ፣

«ከግቢው አጥር እንዳትወጪ። ሌላ ምንም አልልሽም» አለችኝ።

«ኧረ እትዬ አልማዝ፣ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ እንጂ ገዳም አልገባች» አለ ጋሽ በላቸው፣ ሞተሩን እያስነሳ።

አለቀስኩ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአሰብ መብራት ከዓይኔ ሳይጠፋ እንባዬ ደርቋል። በደስታ የምሆነውን አጥቼ ነበር። አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሞያሌ። እዚያ የኬንያው የኬላ ሹም ወረቀቴን ገለበጠና፣

«ዩኒቨርሲቲ ልትማሪ ነው? ያውም የግል?» አለኝ።

«አዎ፣ ተቀብለውኛል።»

«እኔን አልተቀበሉኝም» አለና ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታው።

ዩኒቨርሲቲው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ነው፤ ዙሪያውን የቡና እርሻ፣ ውስጡን ሣር። የሣሩን ነገር እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? አሰብ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ያየሁት ቢኖር ቀለም የተቀባ በር ነው። እዚህ በየሕንፃው መሐል ሣር፣ ሣሩ ላይ ተማሪ፣ አንዳንዴም መምህሩ ጫማውን አውልቆ ከተማሪው ጋር ይከራከራል። ተማሪው «ተሳስተሃል» ይለዋል፤ እሱም «እንዴት?» ይላል። አባዬ መምህር ነው፤ ይህን ቢያይ ጠመኔውን አስቀምጦ ይቀመጥ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት ፎቅ ነው፤ መጽሐፉን ራሳችሁ ከመደርደሪያው ታወርዳላችሁ፣ ማንም አይገላምጣችሁም። ሴቶቹ እግር ኳስ ይጫወታሉ። በየማታው የሆነ ሕንፃ ውስጥ መዝሙር ይለማመዳሉ።

ምግቡ ኡጋሊ ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ነጭ ገንፎ፣ ቅቤ የለ በርበሬ የለ። መጀመሪያ ቀን በልማዴ መሐሉን ጎድጎድ ሳደርገው፣ አብራኝ የምትኖረው አኪኒ፣ «ምን ልትቀብሪበት ነው?» አለችኝ። አሁን እኔም በጎመን እየጠቀለልኩ እውጠዋለሁ። ሁሉን ነገር ለመድኩ፤ ሁሉን ወደድኩ።

አልለምድ ያለኝ እንቅልፍ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አሰብ ያደገ ሰው ከሙቀቱ የተነሳ ደጅ፣ ሽቦ አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። ናይሮቢ ደግሞ ብርድ ነው፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ ጣራ ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ ማፈር ሲሰለቸኝ፣ ፍራሼን ጎትቼ ሣሩ ላይ አነጠፍኩ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነበር መሰላችሁ! ጎህ ሲቀድ ሣር የሚያጠጣው ውሃ ከመሬት ቧንቧው እየተረጨ ፊቴን እስኪመታኝ ድረስ። ዓይኔን ስገልጥ ዘበኛው ከላዬ ቆሞ፣ «ፖሌ፣ ፖሌ» ይለኛል፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

አይዞሽ የሚያሰኝም ነበር። በደንቡ ከሕንፃዋ ውጭ ያደረች ሴት የዶርም ቦታዋን ታጣለች። የእኔ ስኮላርሺፕ ደግሞ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ብቻ ነው የሚከፍለው። ዶርም ከሌለ ትምህርት የለም፤ ወደ ጋሽ በላቸው ጋቢና መመለስ ነው። የሴቶች ዶርም ኃላፊዋ ሚስስ ዋንጂሩ አመሻሹ ላይ አስጠሩኝ።

«ሞቆሽ ነው?»

«አይ፣ በርዶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«እንቅልፍ እንዲወስደኝ።»

«አገርሽ ቤት የላችሁም?»

«አለን። ቤት ውስጥ የሚያድረው ዕቃው ነው።»

«ሌባስ?»

«ሌባውም ደጅ ነው የሚተኛ። ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።»

ሚስስ ዋንጂሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ» አሉ። «ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ወንድ ልጅ ነው። እናትሽ ይመስክሩልሽ።»

ቤታችን ስልክ ስለሌለ ከቢሯቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ ደወልኩ። በአንድ አጥር የምንዋሰነው ባለሱቅ፣ ሐጂ ዑመር፣ እማዬን ጠሩልኝ።

«ታመምሽ?» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ደህና ነኝ እማዬ። ኃላፊዋ አንድ ነገር ሊጠይቁሽ ነው፤ እኔ አስተረጉማለሁ። እኛ ማታ የት ነው የምናድረው?»

 እማዬ ድምጿን አሳምራ፣ «ቤት ውስጥ ነዋ! ሁለት ክፍል አለን፣ ቬንትሌተርም አለን በያቸው። ማን መስለናቸው ነው?» አለች።

 በሰው አገር እንዳልዋረድ ብላ ልታስባርረኝ ነው። ሚስስ ዋንጂሩ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን ብዬ እንደምተረጉም ሳስብ፣ ከስልኩ ውስጥ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ እማዬም ፊቷን አዙራ፣ «አባቷ! አልጋውን ቀስ አድርገህ አውጣው እንጂ፣ ስልክ ላይ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቱ ሚስስ ዋንጂሩም ጋ ደረሰ። «ምን አሉ?» አሉኝ። ሁለቱንም እንዳለ ተረጎምኩላቸው፤ ቬንትሌተሩንም አልጋውንም።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የእኔም እናት እንግዳ ሲመጣ፣ ፍየል ከእኛ ጋር አያድርም ትል ነበር» አሉ። «ፍየሎቹ አልጋው ሥር ሆነው እየጮኹ። በይ፣ ቦታሽ አለ። አልጋሽን መስኮቱ ሥር አድርጊው፤ ሣሩን ግን ለውሃው ተዪለት።»

«ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለች እማዬ።

«ፈቀዱልኝ እማዬ። እዚሁ ልማር ነው።» አልኳት በደስታ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አባዬ አሁን የሚያወጣው የማንን አልጋ ነው? የእናንተ በጊዜ ነው የሚወጣው።»

«ያንቺን ነዋ።»

«ማን ሊተኛበት?»

«ማንም» አለች። «ማታ እናወጣዋለን፣ አንሶላ አነጥፍበታለሁ፣ ጠዋት እናስገባዋለን።» ሐጂ ዑመር ስልኩን ፈልገውት ነበርና ዘጋችው።