የማባዣው ቀለም የት ሄደ?

ከወሎ በሰፈራ መጥተን አሶሳ አጠገብ እንደሰፈርን፣ ለሰፈራው ጽሕፈት ቤት ማባዣ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ማሽኑን ማየት ብቻ ነበር።

ማባዣው ከበሮ የመሰለ ሆድ አለው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። የተጻፈበትን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ላዩ ላይ አልብሰህ እጀታውን ስታዞር ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል። የቀረው ቀለም ግን ከውጭ አይታይም። በከበሮው ግራ ጫፍ ያለውን ክዳን ወደ ላይ አድርገህ ትፈታና ባለምልክቱን የመለኪያ ዘንግ ትከታለህ። ዘንጉን ሳትጠርግ ብትከት ይዋሽሃል። ክዳኑን ወደ ታች አድርገህ ብትፈታ ደግሞ ቀለሙ ራሱ መጥቶ ይነግርሃል።

ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ዘንጉን መሳቢያቸው ውስጥ ይቆልፉበት ነበር። በዚያ ዘመን የማባዣ ቀለም እንደ ጥይት ነው የሚጠበቀው፤ የተቃውሞ ወረቀት የሚበትን ሰው እጅ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው። ከሥራ ስንወጣ ለክተው ይቆልፋሉ፤ ጠዋት ከፍተው ይለካሉ።

አንድ ክረምት ስቴንስል አልቆብን ሥራ ፈታን። ቀለሙ ግን ጎደለ።

«ጓድ ይመር፣ ይሄ ማሽን ቀለም ይጠጣል?»

«ኧረ ጓድ፣ ሳይዞር ምን ይጠጣል?»

«ታዲያ ማን ጠጣው?»

በማግስቱም ጎደለ። በሩን በሰም አሸጉት፤ ሰሙ ሳይነካ ጎደለ። መስኮቱን በሚስማር አስመቱት፤ ጎደለ። የጽዳት ሠራተኛችንን ሃዋን ጠሯት። ሃዋ የዚያው አገር ተወላጅ፣ የሆሞሻ ሰው ናት፣ አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም።

«ቀለም ወስደሻል?»

«እኔ ቀለም ምን ይሠራል? ወጥ አይሆን!»

አርብ ዕለት ጓድ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይሄ ከጩኸታቸው ይከፋል። «እስከ ነገ ካልተናገርክ ለደኅንነት ሰዎች አስረክብሃለሁ» አሉኝ። እዚያ የሄደ ሰው መመለሻው አይታወቅም፤ ባለቤቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅዳሜ ሥራ የገባሁት ጋቢና ስንቅ ይዤ ነው።

ዘንጉን ከተቱ። ከትናንቱም ወርዷል። «ተናገር!» ብለው በሁለት እጃቸው ማባዣው የቆመበትን ጠረጴዛ ተደገፉ። ሰውዬው ገዘፍ ያሉ ናቸው። ጠረጴዛው ቋ አለና በቀኝ በኩል ወደቀ፤ ማባዣውም አብሮ ተገለበጠ። ክዳኑ ክፍት ነበርና ቀለሙ ከካኪ ኮታቸው እስከ ጫማቸው ወረደ።

የተሰበረውን እግር አነሳሁት። እንደ ገለባ ቀለለኝ፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ለካስ የቀኞቹ እግሮች ከሥር እየተበሉ ሲያጥሩ ማሽኑ ለዓይን በማይታወቅ መጠን ወደ ቀኝ ያዘነብል ኖሯል። ቀለሙ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ በግራ የሚገባው ዘንግ ጎደለ ይላል።

ጓድ ታደሰ ልብሳቸውን እያዩ፣ «ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?» አሉ።

«ነበር፣ ጓድ።»

ሃዋ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። «ቀለም ተገኘ! ጓድ ለብሷል!»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የአዲሱን ጠረጴዛ እግሮች ምስጥ እንዳይወጣባቸው የተቃጠለ ዘይት በተሞሉ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምናቸው። ዛሬ ማተሚያው ራሱ ቀለሜ አለቀ ብሎ ይናገራል ይሉኛል፤ ጥሩ ነው። ቢሆንም ቀለም ጎደለ ሲላችሁ፣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ማሽኑ የቆመበትን እዩ።