ሻሽ የምታስረው እናት

ግንቦት ሁለት ሺህ ሦስት ይመስለኛል። ወይስ ሁለት? የስቱዲዮው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ክረምቱ ሳይገባ አልቀረም፤ እንግዲህ ግንቦትም ላይሆን ይችላል።

በዕድሜ ሁላችንንም ስለምትበልጥ እታለም እንላት ነበር። በዚያች ባለሁለት ክፍል የአኒሜሽን ስቱዲዮ ሥራዋ ስቶሪቦርድ ነው። እኔ የጻፍኩትን ታሪክ ትዕይንት በትዕይንት ትናንሽ ካርዶች ላይ በእርሳስ ትስልና ግድግዳው ላይ በተራ ትሰካለች። ከዚያ ማስመሪያዋን ይዛ ከካርድ ካርድ እየጠቆመች፣ የሁሉንም ድምፅ እያወጣች ትተርከዋለች። ውሻውን ስትሆንማ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። ስትተርክ የማንንም ቀልብ ያልያዘ ካርድ ይነሳል፤ ደንባችን ነበር።

ያን ቀን የታሪኩ እናት ጋ ስትደርስ በማስመሪያዋ ብቻ ጠቆመች። እኔ «እናት ሻሿን አስራ ትወጣለች» ብዬ በአንድ መስመር ያለፍኩትን እሷ ሦስት ካርድ አድርጋዋለች፤ ሻሹ ትከሻ ላይ፣ ሻሹ በጥርስ ተይዞ ፀጉር ሲሰበሰብ፣ ከዚያ ቋጠሮው።

«ድምፁስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ድምፅ የለውም። ታስራለች።»

«እታለምዬ፣ የሚያዩት ልጆች እንቅልፋቸው ይመጣል እኮ። ሠዓሊዎቹም ይቺን ሻሽ ሲያንቀሳቅሱ ሊሸብቱ ነው።»

«ይሸብቱ። እኔ ብቻዬን ልሸብት እንዴ?»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ማስመሪያውን ግን ከካርዱ ላይ አላነሳችም።

«እናቴን የማስታውሳት በዚህች ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አምስት ዓመቴ ነበር። ፊቷ እንኳ ጠፍቶብኛል፤ እጇ ግን አለ። ሦስቱንም አታንሳብኝ።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አንገቱን አከከ፣ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አየ።

«እሺ፣ አንዱን እናቆይልሽ።»

«አንዱማ ፎቶ ነው» አለች።

ሦስቱንም ነቅላ፣ ጫፋቸውን አስተካክላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ክፍተቱን በሚቀጥሉት ካርዶች ሞላችና ትረካዋን እስከ መጨረሻው ጨረሰችልን፤ ድምፅም አላጓደለችም።

እኔ ጽሑፌ ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ። «ትወጣለች» ብያለሁ እንጂ ወዴት እንደምትወጣ አልጻፍኩም፤ ለታሪኩ አላስፈለገኝም ነበር። የእሷ እናት ግን ያን ቀን ወዴት ነበር የወጣችው? ልጠይቃት ቀና ስል ወንበሯ ባዶ ነው። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። የተሳፈረችበት ታክሲ ተንቀሳቅሷል፤ እሷም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች።